ነዳጅ የጠጣ መሬት፦ የትኛውን ክትትል፣ የትኛውን ጽዳት እንምረጥ?

«ልጄ፣ ውሃው ላምባ ላምባ ይሸታል» አሉኝ ጎረቤቴ እማማ። ግንቦት ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ። ከግቢያቸው ጉድጓድ ቀድተው ጀበና ጥደው ነበር። አቦሉን ሳይቀዱት ደፉት። ባልዲውን ወደ ፀሐይ ዘንበል ሳደርገው ላዩ ላይ ስስ ቀለም ይንሳፈፋል፤ ሐምራዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። በስንጥር ነካሁት። ተከፈለና ወዲያው ተመልሶ ገጠመ። እንዲህ ያለ ቀለም ሲነኩት እንደ ስስ ብርጭቆ ተሰባብሮ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ሥራ ነው፤ ብዙም አያስደነግጥም። ተመልሶ ከገጠመ ግን ነዳጅ ነው። ከጉድጓዱ ከፍ ብሎ፣ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ሥራ ያቆመ ማደያ አለ። ታንኮቹ ዛሬም መሬት ውስጥ ናቸው።

ኮምቦልቻ የነዳጅ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የሚመጣ ቦቴ በሚሌና በባቲ አድርጎ ይገባል። ማደያው፣ ጋራዡ፣ የጄኔሬተር ታንኩ፣ የፋብሪካው ማጠራቀሚያ ብዙ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ማደያ ወይም ጋራዥ ላለው፣ እንዲህ ያለ ቦታ ሊገዛ ላሰበ፣ ከዚያ በታች በኩል ደግሞ ጉድጓድ ላለው ሰው ነው። አማራጮቹን አነጻጽራለሁ። የትኛውን እንደምመርጥም አልደብቅም።

ስለ ስም አንድ ነገር ላስቀድም። እኛ «ቤንዚን» የምንለው መኪና ውስጥ የሚገባውን ነው። ኬሚስቶች የሚፈሩት ደግሞ በዚያ ውስጥ ያለ አንድ ንጥረ ነገር ነው። እዚህ «ቤንዝን» ብዬ እጽፈዋለሁ። ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ላቦራቶሪ ስትሄዱ «ቤንዚን መርምሩልኝ» ብቻ አትበሉ። ቤንዝን፣ ቶሉዪን፣ ኤቲልቤንዝን፣ ዛይሊን ብላችሁ አራቱንም በስም አጽፉ። የፈሰሰው ናፍጣ ከሆነ ጠቅላላ ፔትሮሊየም ሃይድሮካርቦን ጨምሩበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዝን ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ በሂሳብ እንየው። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከመቶ አንዱ እጅ ቤንዝን ቢሆን 8.8 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያ ብቻውን 880,000 ሊትር ውሃ እስከ ጣሪያው ድረስ ሊበክል ይበቃል። አንድ ሊትር ነው እንግዲህ፤ አንድ ታንክ አይደለም።

አፍንጫችሁንም ምላሳችሁንም አትመኑ። ቤንዝን በምላስ መታወቅ የሚጀምረው በሊትር 500 ማይክሮግራም አካባቢ ነው፤ ከጣሪያው ሃምሳ እጥፍ ማለት ነው። «አይሸትም፣ ደህና ነው» የሚባለው አነጋገር በዚህ ጉዳይ አይሠራም። ክሎሪንና «ውሃ አጋር» ተሕዋስያንን ለመግደል ናቸው፤ ነዳጅ አያወጡም። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ የሚተነውን ቤት ውስጥ መተንፈስ ነው የሚሆነው። ጉድጓዱ ከተጠረጠረ ውጤቱ እስኪመጣ ከሌላ ቦታ መቅዳት ግድ ነው።

በመስከረም የሚጠፋው፣ በግንቦት የሚመለሰው

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ነዳጅ ከውሃ ይቀላል። ሲፈስ አፈሩን እያራሰ ይወርድና የከርሰ ምድር ውሃው ላይ ሲደርስ ይንሳፈፋል። ክረምት ገብቶ ውሃው ከፍ ሲል ነዳጁም አብሮ ይነሳል። ከፊሉ ግን በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል፣ ከውሃው ሥር ታፍኖ ይቀራል። ያን ጊዜ የክትትል ጉድጓድ ውስጥ ብታዩ ተንሳፋፊው ሳስቷል፤ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። በበጋ ውሃው ሲወርድ የታፈነው ይለቀቅና ተመልሶ ይመጣል። ውሃው ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ነዳጁ ሰፊ የአፈር ሽፋን ይቀባል።

ስለዚህ መስከረም ላይ ብቻ ተለክቶ «ጸድቷል» የሚል ወረቀት አይበቃም። ቦታ የምትገዙ ከሆነ የናሙናውን ቀን ተመልከቱ። እኔ የምለው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መግቢያ፣ ዝናቡ ከመክበዱ በፊት። ሌላው መስከረም መጨረሻ። በልጉ በደንብ ከዘነበ ሚያዝያ ላይ አንድ ዙር ይጨመር። በውሃ የሟሟው ክፍል አንዳንዴ በተቃራኒው ውሃው ከፍ ሲል ይጨምራልና ሁለቱም ወቅት ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ያለውን ጉድጓድ መጠቀም ወይስ አዲስ መቆፈር?

ያለ የእጅ ጉድጓድ ወጪ የለውም። ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። ሰው የሚጠጣው ውሃ ራሱ ስለሚለካ ለጤና ጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ችግሩ አፉ ሰፊ ነው፤ የሚተነው ይተናል፣ ውጤቱም ከእውነቱ ያነሰ ይመጣል። የሚቀዳበት ጀሪካን ራሱ ድሮ ናፍጣ ይዞ የነበረ ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ገመዱ ላይ፣ ባልዲው ላይ ያለው ሁሉ ናሙናው ውስጥ ይገባል። ነዳጁ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድም አይነግራችሁም።

ለክትትል ተብሎ የተቆፈረ ቀጭን ጉድጓድ ይህን ይነግራችኋል። ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ በሦስት ማዕዘን። በሦስቱ ያለውን የውሃ ከፍታ በሌቭል (በቀያሾች የከፍታ መለኪያ) እስከ ሴንቲሜትር ከለካችሁ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ ታገኛላችሁ። አንዱ ከማደያው በላይ በኩል መሆን አለበት፤ ብክለቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ የሚለየው እሱ ነው። «ወደ ቦርከና ወንዝ ነው የሚሄደው» ብሎ በግምት መደምደም አይገባም። አጠቃላዩ አቅጣጫ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። በቅርብ የሚስብ ፓምፕ ካለ ግን ውሃው ወደዚያ ይዞራል። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት ላይ ደግሞ ከሥር ያለው የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚያ ውሃው ስንጥቁን ተከትሎ ስለሚሄድ ሦስት ጉድጓድ ሊያንስ ይችላል።

ቆፋሪ ስትቀጥሩ አንድ ነገር ደጋግማችሁ ንገሩት። የመጠጥ ውሃ የሚቆፍር ባለሙያ ላይኛውን ክፍል በድፍን ቱቦ ይዘጋና ስክሪኑን፣ ማለትም ውሃ የሚያስገባውን ባለ ቀዳዳ ቱቦ፣ ታች ያስገባል። ለመጠጥ ልክ ነው። ለነዳጅ ክትትል ግን ስሕተት ነው፤ ተንሳፋፊው ከስክሪኑ በላይ ይቀርና ጉድጓዱ ንጹሕ ይመስላል። ስክሪኑ የበጋውን ዝቅተኛ ወለልም የክረምቱን ከፍተኛ ወለልም አካቶ መያዝ አለበት። 5 ሴንቲሜትር የፒቪሲ ቱቦ ይበቃል። ቱቦው በጥርስ ይገጣጠም እንጂ ማጣበቂያ አይቀባ፤ ማጣበቂያው ራሱ ላቦራቶሪ ላይ የሚታይ ኬሚካል አለው። ጥርሱ ላይ ግሪስ አይነካ። ዙሪያው ላይ በኩል በቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው በሚያብጥ ሸክላ) ይታሸግ፤ አለበለዚያ የክረምት ጎርፍ ከላይ ይገባበታል። ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው።

ገንዘቡ ለክትትሉም ለጽዳቱም ካልበቃ? እኔ ሦስት ጉድጓድ አስቆፍሬ የጽዳቱን ማሽን አቆየዋለሁ። ሳይለኩ መሬት መቆፈር ገንዘብ መበተን ነው።

ናሙና በምን ይቀዳ?

ቤይለር የሚባለው፣ ታቹ ላይ ኳስ ያለበት ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ርካሽ ነው። መብራት አይፈልግም። የተንሳፋፊውን ውፍረት በዓይን ያሳያል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ አዲስ መሆን አለበት። ጉዳቱ ውሃውን ያናውጣል፤ ጭቃ ያነሳል፣ የሚተነውን ያስተናል። ከመቅዳት በፊት በጉድጓዱ ውስጥ የቆመውን ውሃ ሦስት እጥፍ አውጥቶ መጣልም ያስፈልጋል። ያ ውሃ ደግሞ መንገድ ላይ አይደፋም፤ በርሜል ውስጥ ነው።

በዝግታ የሚስብ ፓምፕ የተሻለ ናሙና ይሰጣል። በደቂቃ ከ0.1 እስከ 0.5 ሊትር ነው የሚያወጣው፤ የአሲድነት፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነትና የኦክስጅን ንባቡ እስኪረጋ ትጠብቃላችሁ። ግን ከላይ ሆኖ በመሳብ የሚሠራውን ስትገዙ ከፍታችንን አስቡ። ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሲነጻጸር 80 በመቶ ገደማ ነው። በስሌት ከ8 ሜትር ትንሽ በላይ ይስባል። በሥራ ላይ ግን ከ6 ሜትር በላይ አልተማመንበትም። ደሴ ላይ ከዚያም ያንሳል። ውሃችሁ ጥልቅ ከሆነ ጠልቆ የሚገፋውን ዓይነት ያዙ።

ሦስተኛ አማራጭ አለ። በተጣራ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቤንዝንና ወንድሞቹ በላስቲኩ አልፈው ይገባሉ፤ ከዚያ ይወጣና ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። መብራት አይፈልግም፣ የሚጣል ውሃ የለውም። መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ እወደዋለሁ። ነዳጅ ላዩ ላይ ለሚንሳፈፍበት ጉድጓድ ግን አይሆንም።

የተንሳፋፊውን ውፍረት ለመለካት ውድ መሣሪያ ከሌለ ማደያ ሠራተኞችን ጠይቁ። ታንክ ሥር ውሃ መኖሩን ለማየት የመለኪያው ዘንግ ላይ የሚቀቡት፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ ቅባት አላቸው። በሜትር ላይ ቀብታችሁ ታወርዳላችሁ። ነዳጁ ያራሰው መስመርና ቅባቱ ቀለም የለወጠበት መስመር መሃል ያለው ርቀት የነዳጁ ውፍረት ነው።

ጠርሙሱን በተመለከተ ባጭሩ፦ 40 ሚሊ ሊትር የብርጭቆ፣ እስከ አፉ የሞላ። ሲገለበጥ አንዲት የአየር ዐረፋ እንኳ ከታየች ይጣላል፣ እንደገና ይቀዳል። የአሲድ ጠብታ ተጨምሮበት በ4 ዲግሪ አካባቢ ከተያዘ 14 ቀን ይቆያል። ናሙናው አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ በረዶ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ የአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ጣራ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ናሙና ለምርመራ አይሆንም።

አፈሩን ምን እናድርገው?

ቆፍሮ መጫን። ፈጣን ነው፤ ምንጩ በሳምንት ውስጥ ይነሳል። ትንሽ ቦታ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ፍሳሹ ቶሎ የታወቀ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ጥያቄው ገልባጩ አፈሩን የት ይደፋዋል የሚለው ነው። ወንዝ ዳር ወይም የሌላ ሰው ማሳ አጠገብ ከተደፋ ብክለቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጸዳም። ተቋራጩ መድረሻውን በጽሑፍ ካላሳየ ውል አትፈርሙ። በክረምት ደግሞ አትቆፍሩ። ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ጉድጓዱ ይሞላና የተበከለ ኩሬ ይሆናል።

እዚያው ዘርግቶ ማገላበጥ። እኔ ለናፍጣ፣ ለእኛ ከተማ፣ ይህን ነው የምመርጠው። የወጣው አፈር ወፍራም ላስቲክ ላይ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ ዙሪያው ክትር ይደረግለታል፣ የሚንጠባጠበው የሚጠራቀምበት ቦታ ይኖረዋል። ነዳጁን የሚበሉት ባክቴሪያዎች አፈሩ ውስጥ አሉ። የሚጎድላቸው አየር፣ እርጥበትና ናይትሮጅን ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ከደሴ ብርድ የተሻለ ይረዳቸዋል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሥራቸው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ፈተናው ዋልካው ነው። እርጥብ ሲሆን እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ አየር አያስገባም። ጭድ ወይም የእንጨት መላጊያ ፍርፋሪ ደባልቁበት። እርጥበቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል፦ አንድ ጭብጥ ያዙና ጨምቁት። ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣታችሁ መሃልም ውሃ ካልወጣ፣ በአውራ ጣት ሲገፉት ደግሞ ከተፈረፈረ፣ ልክ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በዶማና በአካፋ ይገላበጥ።

ማዳበሪያውን በግምት አትበትኑ። ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ነው የሚመከረው። 10 ሜትር ኩብ አፈር 15 ቶን ቢመዝን፣ በኪሎ 5,000 ሚሊግራም ነዳጅ ቢኖረው፣ በጠቅላላ 75 ኪሎ ነዳጅ አለ ማለት ነው። ከዚያ 64 ኪሎ ገደማው ካርቦን ነው። 6.4 ኪሎ ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ይህም 14 ኪሎ ዩሪያ ነው። አንዴ አይሰጥም፤ በየሳምንቱ እየከፋፈሉ ነው። ሲበዛ ባክቴሪያውን ይጎዳል፣ ናይትሬቱም በዝናብ ታጥቦ ወደ ውሃው ይወርዳል። በደንብ የደረቀ ፍግም ይረዳል።

ጊዜው ረጅም ነው፤ ለናፍጣ ወራት፣ አንዳንዴ ዓመት። ክረምቱን በሸራ መሸፈን የግድ ነው። ለቤንዚን ግን ይህን መንገድ ተጠንቀቁ። ቤንዚን በአብዛኛው የሚሄደው ባክቴሪያ በልቶት ሳይሆን ተንኖ ነው። ትምህርት ቤት ወይም መኖሪያ ቤት አጠገብ ቤንዚን የጠጣ አፈር ማገላበጥ ሕፃናትን ቤንዝን ማስተንፈስ ነው።

አየር ስቦ ማውጣት። ለቤንዚን የተሠራ ዘዴ ነው፤ ከአፈሩ ትነቱን በማሽን ይስባል፣ በከሰል ያጣራል። አሸዋና ጠጠር ላይ ግሩም ነው። ዋልካ ላይ አየሩ አይሄድም። በበጋ ደግሞ ዋልካው ይሰነጠቅና አየሩ በስንጥቁ ብቻ ያልፋል፤ መሃሉ እንዳለ ይቀራል። ለናፍጣም አይሆንም፤ በበቂ አይተንም። የአፈር መገለጫ (በየጥልቀቱ ምን ዓይነት አፈር እንዳለ የሚናገር ወረቀት) ሳያሳያችሁ ይህን ማሽን ለሚሸጥላችሁ ሰው አትቸኩሉ።

ውሃውን ስቦ ማጣራት። ለዓመታት የሚሄድ ነው፤ የመብራትና የከሰል ወጪ አለው። አፈሩ ላይ የተጣበቀው እስካለ ድረስ አያልቅም። የምደግፈው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፦ ብክለቱ ሰው ወደሚጠጣው ጉድጓድ እየሄደ ከሆነና መያዝ ካለበት። የወጣው ውሃ ሳይጣራ ቦርከና ውስጥ አይለቀቅም። ወንዙ ወደ አዋሽ ነው የሚወርደው፤ ከታች የሚያጠጣበት ብዙ ሰው አለ።

እየለኩ መጠበቅ። ተፈጥሮ ራሷ ነዳጅን ትበላለች፤ አንድ ሚሊግራም ለማቃጠል 3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ትፈልጋለች። ይህ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ማስረጃ ይፈልጋል። በብክለቱ መሃል ኦክስጅን፣ ናይትሬትና ሰልፌት ሲወርዱ፣ የሟሟ ብረትና ሚቴን ሲወጡ፣ የቤንዝኑ መጠን ከዓመት ዓመት ሲቀንስ ባክቴሪያው እየሠራ ነው። ከሚከተሉት ሦስት ነገሮች አንዱ እንኳ ካለ ግን ይህን መንገድ አልቀበለውም፦ ታንኩ ካልወጣ ወይም ካልጸዳ፣ ተንሳፋፊ ነዳጅ ካለ፣ በውሃው መንገድ ላይ የሚጠጣ ጉድጓድ ካለ። ማደያ ባለቤት «ተፈጥሮ ያጸዳዋል» ሲላችሁ ስለ ሦስቱ ጠይቁት።

እንዴት ልወስን?

ትኩስ ፍሳሽ ከሆነ፣ ቦቴ ሲያራግፍ የፈሰሰ ዓይነት፣ ጥያቄ የለውም፤ ዛሬውኑ ቆፍሩ፣ አፈሩን ላስቲክ ላይ አውጡ፣ ሸፍኑ፣ ከዚያ ስለ ማገላበጡ አስቡ። የቆየ የናፍጣ ብክለት ዋልካ ላይ ከሆነ ታንኩን አውጥቶ፣ ላይኛውን አፈር ዘርግቶ ማገላበጥ፣ ታች የቀረውን በሦስት ጉድጓድ መከታተል። የቆየ ቤንዚን፣ አጠገቡ ጉድጓድ ያለበት ከሆነ ግን ርካሹ መንገድ አይሆንም፤ ለሰዎቹ ሌላ ውሃ ማቅረብ የመጀመሪያው ወጪ ነው።

ቦታ ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ የሁለት ወቅት ውጤት እስክታዩ ክፍያውን ከፊል አቆዩ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው የማጽዳቱን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ግን ቦታው ስማችሁ ላይ ከዞረ በኋላ ማን እንደበከለው ማስረዳት ከባድ ሥራ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት የተወሰደ ናሙና፣ ቀኑና የጉድጓዱ ቁጥር ያለበት፣ ጥሩ ምስክር ነው። ላቦራቶሪ ፍለጋ ሲቸግራችሁ እዚሁ ኮምቦልቻ ያለውን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህራን ጠይቁ፤ ጉዳዩን ከናንተ ጋር ቁጭ ብለው የሚያዩ ሰዎች አይጠፉም።

መቼ ይቆማል? እኔ የምከተለው ይህን ነው፦ ሁለት ተከታታይ በጋና ሁለት ተከታታይ ክረምት፣ በሁሉም ጉድጓድ ቤንዝኑ በሊትር ከ10 ማይክሮግራም በታች፣ ተንሳፋፊም የሌለበት። ይህ ካልተሟላ ክትትሉ ይቀጥላል።

የእማማ ጉድጓድ አሁን ተከድኗል። መስከረም ላይ ባልዲ አውርደን ነበር፤ ቀለሙ የለም፣ ሽታውም የለም። «እንግዲህ ጠራ አይደል?» አሉኝ፣ ዓይናቸው እየበራ። አልጠራም አልኳቸው፤ ውሃው ከፍ ብሎ ነው፣ ግንቦትን እንይ። ዝም ብለው ክዳኑን መለሱና ድንጋዩን ጫኑበት። እስከዚያው ቡናው የሚፈላው ከቦኖ በሚመጣ ውሃ ነው።